የበዓል ተረትና ወጪ ሸፋኙ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በአዲስ አበባ ሥራውን በጀመረበት በ1957 ዓ.ም.፥ በኅዳር ወር፥ በአሜሪካ አገር ሩዶልፍ ስለሚባል ባለቀይ አፍንጫ አጋዘን የሚተርክ የልጆች የገና ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። ለነጋዴ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ተረቱ ሳይሆን ከፋዩ ነው። ፊልሙን ለሕዝብ ያቀረበው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፥ አሻንጉሊቶቹን የማንቀሳቀሱ ሥራ የተፈጸመው በጃፓን ነበር። በተረቱ ውስጥ ያሉት ድንክዬዎችም በማስታወቂያው ላይ የኩባንያውን የቤት ዕቃ ሲያሞግሱ ታዩ። በዓመቱ ደግሞ ኮካ ኮላ የቻርሊ ብራውንን የገና ፊልም በገንዘቡ ደገፈ። ከ60 ዓመት በኋላም ቤተ ሰብ አብሮ ተቀምጦ ሁለቱንም ያያቸዋል። ይህን ያህል ዕድሜ ያለው ማስታወቂያ ከየት ይገኛል?

ከፋይ የሚያስፈልግበት ምክንያት በሒሳብ ይታያል። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳልፋል። አንዱ ሥዕል ለሁለት ምስል እንዲያገለግል ቢደረግ እንኳ፥ ለአሥር ደቂቃ ተረት 7,200 ሥዕል ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር መሥራት ድካሙን ያቃልላል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም።

በአገራችንም ሥራው በርካሹ መንገድ መጀመሩ አያስደንቅም። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ያለ አንዳች የሚንቀሳቀስ ሥዕል፥ በአንደበታቸው ብቻ፥ የልጆችን ትውልድ በቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠዋል። ከዚያም መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤታቸው ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት አቀረቡ፤ ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ የእጅ አሻንጉሊት ናት። ዝግጅቱ በውጭ አገር የተሸለመ ሲሆን በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችም ተሰናድቷል። «ጥበብ ገርልስ» የተባለው የካርቱን ፊልም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ ከዋና ከተማው ርቆ ያለ ገበያ ሲታይ ጉድለቱ ይገለጣል። ከአሶሳ በስተ ደቡብ የምትገኘው ቶንጎ የማኦ፥ የኮሞ፥ የበርታና የኦሮሞ ሕዝብ የሚገበያይባት ከተማ ናት። ለብዙው ቤተ ሰብ ታላቁ በዓል ዒድ ነው። ባለሱቁ በዋዜማው ስኳሩን፥ ዘይቱንና የልጆቹን ልብስ ይሸጣል፤ በበዓሉ ቀን ግን ልጆቹ የሚያዩት ካርቱን ከውጭ ከመጣ፥ ነገሩ ሁሉ በረዶና የጥድ ዛፍ ነው፤ ቋንቋውም የእናታቸው አይደለም። አያት አጠገባቸው ቢቀመጡም የሚያስረዳቸው ይፈልጋሉ። እንዲህ ከሆነ አብሮ ማየት ስሙ ብቻ ነው።

የሚቻለው ነገር ከሚታሰበው ይልቃል። ውድ የሆነው ሥዕሉ ነው፤ ሥዕሉ አንድ ጊዜ ከተሠራ፥ በበርታኛ፥ በማኦኛ ወይም በኦሮምኛ ድምፅ መጨመር የወጪው ትንሹ ክፍል ነው። ስለዚህ ዘይትና ስኳር የሚያከፋፍል ነጋዴ ብቻውን ካርቱን ያሠራ የሚለው የለም፤ ሦስት አራት ሆነው አንዱን ተረት በአካባቢው ቋንቋ ቢያሰሙ ስማቸው ከበዓሉ ጋር ይነሣል። ማስታወቂያውም ከተረቱ በፊት ወይም በኋላ ይሁን፤ ተረት የተቋረጠበት ልጅ የሚቈጣው በዕቃው ላይ ነውና።

ጊዜውን ማስላት ግን ያሻል። ለመስከረም 1 ቀን የሚታይ ፊልም በነሐሴ የሚታዘዝ ሸቀጥ አይደለም። ዒድም በጨረቃ ስለሚቈጠር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል፤ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ ትእዛዝ የሚሰጥ ነጋዴ ፊልሙ የሚደርሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።