ቤትና አጥር በሚታደስበት ጊዜ ተባይን ስለ መከላከል

በሀብሩ ወረዳ በመርሳና በውርጌሳ ዙሪያ ማሽላ ታጭዶ ከተወቃ በኋላ ገበሬው ፋታ ያገኛል። ቤቱን የሚያድሰው፣ አጥሩን የሚያጥረውና ጎተራውን የሚመርገው በዚሁ በደረቁ ወራት ነው። ነገር ግን ይህ ጊዜ ተባዮች ካለፈው ሰብል ወደሚመጣው የሚሸጋገሩበት ወቅትም ነው። ስለ ተባይ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ ማሳና ስለ መድኃኒት ሲሆን ስለ አጥርና ስለ ማገር እምብዛም አናነሣም። ስለዚህ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከእድሳቱ ሥራ በፊት ለገበሬው ሊያስረዱት የሚገባውን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አጥር የሚሆነው አገዳ

የአገዳ ቆርቁር ትል ማሽላው ከታጨደ በኋላ አይሞትም። በደረቀው አገዳ ውስጥ፣ በተለይም በታችኛው ክፍል ተኝቶ በጋውን ያሳልፋል። ዝናብ ሲጥል ወደ ሙሽሬነት ይለወጥና የእሳት ራት ሆኖ ይወጣል፤ ከዚያም በለጋው ማሽላ ቅጠል ላይ እንቁላሉን ይጥላል። አገዳ ተከምሮ ወይም አጥርና ግድግዳ ሆኖ ከቆመ ፀሐይ ውስጡን ስለማያገኘው ትሉ በደኅና ይሰነብታል። ገበሬው «ተባዩ ከየት መጣብኝ?» ሲል ብዙ ጊዜ መልሱ ከራሱ አጥር ውስጥ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። አገዳው እንደታጨደ ከመከመሩ ወይም ለአጥር ከመወሰዱ በፊት በማሳው ላይ ሳይደራረብ በስሱ ተዘርግቶ አራት ሳምንት ያህል ፀሐይ እንዲመታው ማድረግ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ያለው የፀሐይ ሙቀትና ድርቀት አብዛኛውን ትል ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ አገዳው ለአጥርም ለግድግዳም ሊውል ይችላል። ከአሮጌው አጥር የሚነቀለው አገዳ ግን በግቢው ጥግ መከመር የለበትም፤ የዘር ዝናብ ከመጣሉ በፊት ለማገዶ መዋል አለበት።

እዚህ ላይ ገበሬው «ሜዳ ላይ ከዘረጋሁት የሰው ከብት ይጨርስብኛል» ይላል። ሥጋቱ እውነት ነው፤ አገዳ በዚህ አካባቢ የከብት መኖም ነውና። ስለዚህ ቅጠሉ አስቀድሞ ተገፍፎ ለመኖ ይቀመጥ፤ አገዳውም ጠባቂ ባለበት በአውድማው አጠገብ ይዘርጋ። ከዚህ የሚበልጠው ችግር ግን ሌላ ነው። የእሳት ራቱ ስለሚበር አንድ ገበሬ ብቻውን ቢደክም የጎረቤቱ ክምር ድካሙን ከንቱ ያደርግበታል። የማኅበር ሥራ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው፤ በየጎጡ የመዘርጊያና የማንሻ ቀን ተቆርጦ ሁሉም በአንድነት ቢሠራው ውጤቱ በማሳ ላይ ይታያል።

ምስጥ

ምስጥ ብርሃንና ደረቅ አየር ስለማይስማማው ከመሬት ወደ እንጨት የሚወጣው በጭቃ በተሸፈነ መተላለፊያ ነው። ስለዚህ ከአፈር ጋር በቀጥታ የተገናኘ ምሰሶ ለምስጥ የተከፈተ በር ነው። ቤቱ ሲታደስ ቢቻል ግድግዳው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ቢያርፍ መልካም ነው። ድንጋዩ ምስጡን ፈጽሞ አያግደውም፤ ዋናው ጥቅሙ የጭቃው መተላለፊያ በውጭ በኩል እንዲታይና በየጊዜው እንዲፈርስ ማስቻሉ ነው። የምሰሶን ጫፍ በእሳት መለብለብ የተለመደ ቢሆንም እንጨቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ ስለሚጋለጥ በዚህ ብቻ መተማመን አይገባም። ጽድና ወይራ ምስጥን ይቋቋማሉ፤ ይህን ስንል ግን ከቀረው ደን ይቆረጥ ማለታችን አይደለም። ከፈረሰው ቤት የወጣ ደኅና ጽድ ካለ ግን ለማገዶ ከማዋል መልሶ ለምሰሶ ማዋል ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር የወለሉ ሙሌት ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ፣ ስባሪና ጭድ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ከወለል በታች ከተደለደለ ምስጥን በቤት ውስጥ መቀለብ ይሆናል። ሙሌቱ ንጹሕ አፈርና ጠጠር መሆን አለበት።

አልድሪንና ዲልድሪን የተባሉት መድኃኒቶች ቀድሞ ለምስጥ ያገለግሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው የስቶክሆልም ስምምነት ከአገልግሎት እንዲወገዱ ካደረጋቸው መካከል ናቸው። ከአሮጌ መጋዘን ወጥቶ የሚሸጥ ቢገኝ ማንም እንዳይገዛው ማስጠንቀቅ ያሻል።

ጎተራው ሲፈርስ

ጎተራ በሚታደስበት ጊዜ እህሉ ወደ መኖሪያ ቤት ይገባል። ነቀዝ የያዘው እንደሆነም አንዳንዱ ሰው በተለምዶ ፎስቶክሲን የሚባለውን እንክብል ከእህሉ ውስጥ ከትቶ እዚያው ይተኛል። ከዚህ የከፋ አደጋ የለም። ከእንክብሉ የሚወጣው ጋዝ ነቀዙን እንደሚገድል ሁሉ በዚያው ቤት የተኛውን ሰው ይገድላል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ስለዚህ ሰው ወይም ከብት በሚያድርበት ቤት ውስጥ በምንም ምክንያት መደረግ የለበትም። እህሉን በሚገባ አድርቆ ሁለት የፕላስቲክ ውስጥ ሽፋን ባለው አየር በማያስገባ ከረጢት ማኖር ያለ መድኃኒት ነቀዝን ይገድላል፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታልና። ከረጢቱ ከተበሳ ግን ዋጋ የለውም፤ ከአይጥ ይጠበቅ።

አዲሱ ጎተራ ደግሞ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ባሉ እግሮች ላይ ይቁም፤ በእያንዳንዱ እግር ላይም በተገለበጠ ቁና መልክ የታጠፈ ቆርቆሮ ይታሰር። አሮጌው እህል ከአዲሱ ጋር አይደባለቅ፤ የጎተራው ስንጥቅ ሁሉ ተጠርጎ ይመረግ። ከግድግዳ ሥር የተከመረ ድንጋይና እንጨት የአይጥ መኖሪያ ስለሆነ ሥራው እንዳለቀ ይነሣ።

በግቢ ስለሚተከል ችግኝ

አጥሩ ከታጠረ በኋላ ማንጎ መትከል የሚፈልግ ብዙ ነው። ነጩ የማንጎ ቅርፊት ተባይ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ሲሆን፣ ወደ ሌላ አካባቢ ከሚዛመትበት መንገድ አንዱ ችግኝ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ችግኝ ሲገዛ የቅጠሉን ላይኛና ታችኛ ገጽ ገልብጦ ይመርምር። ነጫጭ ነጠብጣብ ወይም ቢጫ የሆነ እድፍ የታየበትን አይቀበል፤ መኪና ላይ ተጭኖ የመጣ ቢሆንም እንኳ ይመልሰው።