ነባር የጥበቃ ካሜራዎች የተሻለ ምስል እንዲሰጡ ማድረግ ይቻላል

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በር፣ መጋዘንና ገንዘብ ቤት የሚተከሉ የጥበቃ ካሜራዎች ጥቅም የሚለካው ንብረት በጠፋ ዕለት የሰውን ማንነት ለይተው ማሳየት በመቻላቸው ነው። ምስሉ ደብዝዞ ሲገኝ ካሜራው አርጅቷል በሚል አዲስ ግዥ ከመጠየቁ በፊት ግን ሊፈተሹ የሚገባቸው ጉዳዮች አሉ።

ቀዳሚው የእይታ ስፋት ነው። አንዳንድ አሮጌ የኔትወርክ ካሜራዎች የሚሰጡት ምስል 640 በ480 ፒክስል ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይ ኢ ሲ 62676-4፣ የማይታወቅን ሰው ማንነት ለመለየት ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል እንደሚያስፈልግ አስቀምጧል። በዚህ ስሌት እንዲህ ያለው ካሜራ ፊትን ለይቶ የሚያሳየው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ላለው ቦታ ብቻ ነው። በመሆኑም ሰፊ ግቢ እንዲቃኝ ከማድረግ ይልቅ ወደ አንድ መግቢያ በር ማነጣጠሩ ይመረጣል።

ሁለተኛው ጽዳት ነው። በመሸፈኛው ላይ ያረፈ አቧራና የሸረሪት ድር ሌሊት የኢንፍራሬዱን ብርሃን መልሶ በማንጸባረቅ ምስሉን ጭጋጋማ ያደርገዋል። መሸፈኛው በለስላሳ ጨርቅ ሊጸዳ፣ በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ከሆነም ሊቀየር ይገባል። የሌንሱ ትኩረትም በቀንና በሌሊት መፈተሽ አለበት።

ሦስተኛው የካሜራው ማስተካከያ ነው። የፒክስሉ መጠን ከፍተኛው ላይ፣ የምስሉ እመቃ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ሊደረግ ይገባል። የመስመሩ አቅም ካልፈቀደ በሰከንድ የሚቀረጹትን ምስሎች ቁጥር መቀነስ ይሻላል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል 50 ኸርዝ በመሆኑ ካሜራው በዚሁ ካልተስተካከለ በመብራት ሥር ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።

ሌሊት ካሜራው ብርሃን ለማግኘት የሻተሩን ፍጥነት ይቀንሳል። በሰከንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚራመድ ሰው በ1/25ኛ ሰከንድ ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር ስለሚንቀሳቀስ ፊቱ ይደበዝዛል። መፍትሔው በበሩ ላይ ተጨማሪ አምፖል መትከልና የሻተሩን ፍጥነት መጨመር ነው።

ከዚህም ሌላ የካሜራው ሰዓት ትክክል መሆኑን ማረጋገጥና ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል መቀየር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም በርካታ ካሜራዎችን የተቆጣጠረው የይለፍ ቃላቸው ባለመቀየሩ ነበር።

በመጨረሻም አንድ ሠራተኛ በቀንና በሌሊት በበሩ እንዲያልፍ አድርጎ በቀጥታ የሚታየውን ሳይሆን የተቀረጸውን ምስል መመርመር ይገባል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ፊቱ ካልተለየ የአዲስ ካሜራ ግዥ ጥያቄው በቂ ምክንያት ይኖረዋል።