ማስታገስና ማከም፦ ስለ አስም መድኃኒቶች አመራረጥ



በአገራችን የአስም መድኃኒት ሲባል በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የሳልቡታሞል ፓፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ይህ መድኃኒት በአየር ቧንቧ ዙሪያ ያለውን ጡንቻ በደቂቃዎች ውስጥ ያላላል፤ ትንፋሽ ያጠረው ሰውም ወዲያው እፎይ ይላል። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው ግን አደጋው ያለው በዚሁ ፈጣን እፎይታ ውስጥ መሆኑን ነው።

አስም የጡንቻ መኮማተር ብቻ አይደለም። የአየር ቧንቧው ግድግዳ ሥር የሰደደ ብግነት አለበት፤ ያብጣል፣ አክታ ያበዛል፣ ለአቧራ፣ ለጢስና ለጉንፋን ከልክ በላይ ይቆጣል። ሳልቡታሞል ይህን ብግነት አይነካም። ብግነቱን የሚያበርዱት በትንፋሽ የሚሳቡት ኮርቲኮስቴሮይዶች፣ ማለትም እንደ ቤክሎሜታሶንና ቡዴሶናይድ ያሉት ናቸው። እነዚህ ደግሞ ሲወሰዱ ወዲያው የሚሰማ ነገር የላቸውም፤ ሙሉ ውጤታቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው የሚሰማውን መድኃኒት ይዞ የማይሰማውን ይተዋል። እኔ ይህን ግዴለሽነት ብዬ ለመጥራት እቸገራለሁ፤ ከራሱ ልምድ አንጻር ትክክለኛ ድምዳሜ ነውና። ማስረዳት የነበረብን እኛ ነን።

ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አዘጋጅ አካል፣ በምህጻሩ ጂና፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዋቂዎችና ለጎረምሶች ፈጣን ማስታገሻን ብቻውን ማዘዝ እንዲቀር መከረ፤ አስሙ ቀላል ቢሆንም እንኳ። 200 ፓፍ የሚይዘውን ጣሳ በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ የአስም መነሣት፣ 12 ወይም ከዚያ በላይ የሚጨርስ ደግሞ ለሞት ያለው ተጋላጭነት ከፍ ያለ ነው። እርግጥ ነው፣ አብዝቶ መጠቀም የበሽታው መክበድ ምልክትም ነውና ቁጥሩ ብቻውን ምክንያቱን አያረጋግጥም። ክርክሩን ያጠናከረው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የንጽጽር ጥናት ነው፦ ቡዴሶናይድንና ፎርሞቴሮልን በአንድነት የያዘውን ፓፍ ሲያስፈልግ ብቻ የወሰዱ ቀላል አስም ያለባቸው ሰዎች፣ ማስታገሻ ብቻ ከወሰዱት ይልቅ ከባድ የአስም መነሣት የገጠማቸው ከግማሽ ባነሰ መጠን ነበር። በየቀኑ ቡዴሶናይድ መውሰድ ግን የዕለት ምልክቶችን በመቆጣጠር ረገድ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል።

ይህ ጥምር መድኃኒት በብዙ ጤና ተቋሞቻችን እንደ ልብ አይገኝም። በሌለበት ቤክሎሜታሶንን በአነስተኛ መጠን በየቀኑ ማዘዝ ይቻላል፤ ቀላል አስም ላለበትም ሳልቡታሞል በወሰደ ቁጥር የስቴሮይዱን ፓፍ እንዲያስከትል ማድረግ አንዱ አማራጭ ነው። ልንተወው የሚገባን ግን የሳልቡታሞል እንክብል ነው። ባለ 4 ሚሊግራም አንድ እንክብል ባለ 100 ማይክሮግራም 40 ፓፍ ያህል መድኃኒት ይዟል፤ የሚጓዘውም በደም ስለሆነ ለሳምባው ያለው ጥቅም ዘግይቶ ሲደርስ የእጅ መንቀጥቀጡና የልብ ትርታው መፍጠን ይብሳል። ሆኖም «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለው ስጋት ብዙዎችን ወደ እንክብሉ ይመልሳቸዋል። ፓፍ ሱስ አያስይዝም።

ከባድ የአስም መነሣት ሲያጋጥም ፕሬድኒሶሎን ለ5 እስከ 7 ቀናት በአፍ ይሰጣል፤ ለወራት መቀጠሉ ግን አጥንትን ያሳሳል፣ ስኳርንም ከፍ ያደርጋል። በመርፌ ስለሚሰጡት አዳዲስ ፀረ እንግዳ አካላት ዛሬ አልገባበትም።

የፓፍ አወሳሰድ ከመድኃኒቱ ምርጫ እኩል ያሳስበኛል። ጣሳውን መነቅነቅ፣ አየር አስወጥቶ በዝግታ እየሳቡ መጫን፣ ትንፋሽን ለ10 ሰከንድ ያህል መያዝ፤ ከስቴሮይድ በኋላም የአፍ ፈንገስ እንዳይከተል ተጉመጥሙጦ መትፋት ያስፈልጋል። ሕፃናት መጫኑንና መሳቡን አያገጣጥሙትም፤ ስለዚህ በፓፉና በአፋቸው መካከል መድኃኒቱን የሚያቆይ ዕቃ ያስፈልጋቸዋል። ከፋርማሲ መግዛት ለማይችል ግማሽ ሊትር የላስቲክ ጠርሙስ ይበቃል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት፣ የጠርሙሱ ታች ለፓፉ ልክ ተበስቶ ዙሪያው ሲታሸግ ከፋብሪካው እኩል እንደሚያገለግል አሳይቷል። አንዱን አዘጋጅቼ አምጥቻለሁ፤ እየተቀባበላችሁ እያያችሁት ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።