የሙያ ማስረጃ፣ የስም አጻጻፍና የዘመን አቈጣጠር

በነርስነት ሙያ ጀርመን አገር ሄዶ ለመሥራት የሚሻ ሰው የተማረው ትምህርት በዚያ አገር ከሚሰጠው ሥልጠና ጋር መመጣጠኑን ማሳየት ይጠበቅበታል። ለዚህም ዲግሪና የውጤት መግለጫ ብቻ አይበቁም፤ እያንዳንዱ ትምህርት በክፍልና በሆስፒታል ስንት ሰዓት እንደ ተሰጠ የሚዘረዝር ማስረጃ ከተማሩበት ተቋም ማውጣት ያስፈልጋል። የሥራ ልምድ ደብዳቤውም «በመልካም ሥነ ምግባር አገልግለዋል» ከማለት አልፎ በየትኛው የሕክምና ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ኃላፊነት እንደ ተሠራ ሊገልጽ ይገባል። በሥልጠናው ላይ ጉድለት ቢገኝ እንኳ ይህ ልምድ ሊያካክሰው ይችላልና።

ቀላል መስሎ ሰውን የሚያንገላታው ግን ስምና ዘመን ነው። «ገብረ ማርያም» በዲግሪው ላይ በሁለት ቃል፣ በፓስፖርቱ ላይ በአንድ ቃል በላቲን ፊደል ቢጻፍ፣ ለውጭ አገር መርማሪ ሁለት ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። በክርስትና ምስክር ወረቀት ላይ ያለውማ ፈጽሞ ሌላ ስም ነው፤ አጥቢያዎቻችን የመጠሪያውንም ስም አብረው ቢጽፉ ብዙ ድካም ይቀንሳሉ።

ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመረቀች ነርስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተመረቀችው ጁላይ 12 ቀን 2016 ነው። ተርጓሚው ዓመቱን ሳይለውጥ ቢተወው፣ በፓስፖርቷ ላይ የልደት ዘመኗ 1994 የሆነ እኅት በዐሥራ አራት ዓመቷ የተመረቀች ትመስላለች።

እንዲህ ያለው ሁሉ መታረም ያለበት ሰነዶቹ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከመረጋገጣቸው በፊት ነው። ማኅተም ካረፈ በኋላ የተገኘ ስሕተት ባለጉዳዩን ወደ ተማረበት ተቋም መዝገብ ቤት ይመልሰዋል።