የንብረት ሕግ መነሻ ሐሳቦች፤ መሬቱ የማን፣ ዛፉስ የማን?

በመቀሌ ከተማ ቃላሚኖ እንደሚገኘው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለ ማንኛውም ግቢ ለንብረት ሕግ መግቢያ ትምህርት በቂ መሣሪያ ይዟል። መሬት አለ፤ በመሬቱ ላይ ሕንፃ ቆሟል፤ ዛፍ በቅሏል፤ በተማሪው እጅ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰው መጽሐፍ ይገኛል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ውጭ አውጥቶ «ይህ የማን ነው?» እያለ በየተራ ቢጠይቃቸው የሚያገኘው መልስ «የእኔ»፣ «የእኛ» ወይም «የመንግሥት» ከሚሉት ቃላት ብዙ አያልፍም። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። በዕለት ንግግራችን «የእኔ» የምንለው አንድ ቃል፣ ሕግ ለያይቶ የሚያያቸውን ሦስት ነገሮች፣ ይኸውም ባለቤትነትን፣ ይዞታንና የመጠቀም መብትን በአንድነት ጠቅልሎ ይይዛልና።

ከቀላሉ ለመነሣት፣ የተዋሰው መጽሐፍ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ንብረት የሚናገረውን ክፍሉን ሲከፍት፣ በቁጥር 1126፣ ንብረት ሁሉ ተንቀሳቃሽ ወይም የማይንቀሳቀስ መሆኑን ይደነግጋል። መሬትና ሕንፃ ከማይንቀሳቀሱት ይመደባሉ። ተማሪው መጽሐፉን ይዟል እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ባለቤትነት ሕጉ በቁጥር 1204 እንደሚተረጉመው በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው ነው። (ሕጉ ለዚህ «ሀብት» የሚለውን ቃል ስለሚጠቀም፣ ተማሪዎች «ባለሀብት» ሲባሉ ወዲያው ባለጸጋ ሰው እንዳይታያቸው መምህሩ አስቀድሞ ቢያስጠነቅቅ ይበጃል።) ይዞታ ግን በነገሩ ላይ በተግባር ማዘዝ ነው። ይህም ቢሆን ያለ ጥበቃ አልተተወም። ይዞታውን የተነጠቀ ሰው በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ እንዲመለስለት መክሰስ ይችላል፤ ለዚህም በመጀመሪያ ባለቤትነቱን እንዲያስረዳ አይገደድም። ሕጉ ይህን ያደረገው ሰው ሁሉ መብቱን በጉልበት ለማስከበር እንዳይነሣ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው ትምህርት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ወደ ዛፉ ስንደርስ ነው። በቁጥር 1133 መሠረት ዛፍና ሰብል ከመሬት እስካልተለዩ ድረስ የመሬቱ ክፍል ናቸው። ሕጉ ሲረቀቅ መሬት የግል ሊሆን ይችል ስለነበር ነገሩ እርስ በርሱ የተስማማ ነበር፤ የመሬቱ ባለቤት የዛፉም ባለቤት ይሆናል። ይሁን እንጂ የገጠር መሬት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በዚያው ዓመት ሐምሌ በአዋጅ ቁጥር 47 ከግል ባለቤትነት ወጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን አጽንቷል። ታዲያ ዛፉ መሬቱን ይከተላልን? አይከተልም፤ ያው አንቀጽ በንዑስ ቁጥር 7 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሚገነባው ቋሚ ንብረትና በሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ይናገራልና። እንግዲህ የአገራችን ሕግ ቤቱንና ዛፉን ከቆሙበት መሬት ለይቷቸዋል። በእኔ አስተያየት የመግቢያው ትምህርት ዋና ቁም ነገር ይህ ሲሆን፣ የ1952ቱን ትርጓሜዎች ብቻ በቃል የሚያስጠና መምህር ግን ሳይነካው ያልፋል።

ልዩነቱ የፈተና ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። መቀሌ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ በዙሪያዋ ወዳሉት የእንደርታ የእርሻ መንደሮች እየሰፋች ሄዳለች። መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ገበሬው የሚከፈለው የመሬት ዋጋ አይደለም፤ የቤቱ፣ የዛፉ፣ የሰብሉና የመሻሻሉ ካሣ፣ በዚህም ላይ ከመሬቱ ያገኝ የነበረው ገቢ ማካካሻ ነው። ማካካሻው በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 455 በአምስት ዓመት አማካይ ገቢ ተሰልቶ ዐሥር እጥፍ እንዲሆን ተደንግጎ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ከሦስት ዓመት ገቢ ከፍተኛውን ወስዶ ዐሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። ይህን ያልተማረ ወጣት አባቱ «መሬቴ ስንት ያወጣል?» ብለው ሲጠይቁት የሚመልሰው ያጣል። የተማረው ግን ዛፉ መቆጠሩን፣ የውኃ ጉድጓዱ መመዝገቡን፣ የሦስቱ ዓመታት ገቢ መታወቁን ያጣራል።

ሌላው ጉዳይ የማረጋገጫ ወረቀቱ ነው። ትግራይ በ1990 ዓ.ም. የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ መስጠት ስትጀምር ከክልሎች ሁሉ ቀዳሚ ነበረች። ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ያለው፣ አዘገጃጀቱም ወጪ የማያበዛ ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው ዙር ይዞታው የተጻፈው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ስለነበረ፣ ባልና ሚስት ባሉበት ቤት ብዙውን ጊዜ የሚነበበው የባል ስም ሆነ፤ በኋላ አማራ ክልል የሁለቱንም ስም አስገብቷል። ስለዚህ ለክፍል ውይይት የሚከተለው ጥያቄ ቢቀርብ መልካም ነው፤ ማረጋገጫው በአባቷ ስም የተጻፈ ተማሪ አባቷ ቢሞቱ ቤቱን በምን ሕግ፣ የእርሻ ይዞታውንስ በምን ሕግ ትጠይቃለች? የመጀመሪያው የፍትሐ ብሔሩ የውርስ ጉዳይ ነው፤ ሁለተኛው ግን የገጠር መሬት አስተዳደር ሕግ ጉዳይ ሲሆን፣ በዚህኛው የቤተሰብ አባልነቷና በግብርና መተዳደሯ ይመዘናል።