የመኪና ባትሪ ሲገዛ ርካሹ የትኛው ነው?

የመኪና ባትሪ መለወጥ ድሮ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። ባለመኪናው ሶማሌ ተራ ወርዶ ወይም ሰፈሩ ካለው ሱቅ ገብቶ የባትሪውን መጠንና አምፔር ይናገራል፤ በዋጋ ይከራከራል፤ መካኒኩም አሮጌውን ፈቶ አዲሱን ያስራል። ይህ አሠራር ለአሮጌ ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ዛሬም አያንስም። በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ብዙ መኪናዎች ላይ ግን ባትሪው ከኮምፒዩተር ጋር የተቆራኘ ዕቃ ሆኗል። በመሆኑም መደርደሪያ ላይ ርካሽ የመሰለው ባትሪ፣ ሲሠራበት ውድ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። እገዳው አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ይበልጥ እንዲፈለጉና ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግሉ የሚገፋ ነው። መኪና በቆየ ቁጥር ደግሞ ባትሪ መለወጡ አይቀርም። ጉዳዩ ባለመኪናውን ብቻ ሳይሆን ነጋዴውንና ደላላውንም የሚነካው ለዚህ ነው።

የባትሪ ዓይነቶች

በገበያ ላይ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ በአብዛኛው በእርሳስና በሰልፈሪክ አሲድ የሚሠራ ሲሆን፣ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የተለመደው፣ አሲዱ ፈሳሽ የሆነው ነው። ሁለተኛው ኢኤፍቢ የሚባለው፣ ደጋግሞ መድከምንና መሙላትን እንዲችል ተጠናክሮ የተሠራው ነው። ሦስተኛው ኤጂኤም ሲሆን፣ አሲዱ በቀጭን የመስተዋት ክር ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተያዘ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ሞተራቸውን ራሳቸው አጥፍተው፣ ሹፌሩ ፍሬን ሲለቅ ራሳቸው በሚያስነሱ መኪናዎች ላይ ነው። በእነዚህ ላይ ሞተሪኖው በቀን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ተራ ባትሪ ይህን ጫና ለረጅም ጊዜ አይችልም። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ ኤጂኤም የነበረው መኪና ኤጂኤም፣ ኢኤፍቢ የነበረው ደግሞ ቢያንስ ኢኤፍቢ ይገባዋል።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። የተራው ባትሪ ዋጋ 100፣ የኤጂኤሙ 180፣ የባለሙያው ክፍያ ደግሞ ለሁለቱም 20 ነው እንበል። ተራው 18 ወር፣ ኤጂኤሙ 48 ወር ቢያገለግሉ፣ የመጀመሪያው በወር 6.67 ሲያስወጣ ሁለተኛው 4.17 ብቻ ያስወጣል። መኪናው ሳይነሳ ቀርቶ የባከነው የሥራ ቀን እዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ኮምፒዩተሩ ሳያውቅ

እንደ ቢኤምደብሊውና አውዲ ባሉ መኪናዎች ብዙ ሞዴሎች ላይ ኮምፒዩተሩ የባትሪውን ዕድሜና አቅም እየመዘገበ ዲናሞው ምን ያህል እንዲሞላ ያዛል። አዲስ ባትሪ ገብቶ ለኮምፒዩተሩ ካልተነገረው አዲሱን እንደ አሮጌ ቆጥሮ ይሞላዋል። ውጤቱም የባትሪው ዕድሜ ማጠር ነው። ምዝገባው በመመርመሪያ መሣሪያ የሚከናወን የአጭር ጊዜ ሥራ ስለሆነ፣ ገዢው ዋጋ ሲደራደር አብሮ ሊጠይቅ ይገባል።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ከዚህ ጣጣ የተገላገለ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ አላቸው። ኮምፒዩተሩን ቀስቅሶ ትልቁን ባትሪ ወደ ሥራ የሚያስገባው እሱ ነው። ትንሹ ከሞተ፣ ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነሳም። በአንዳንድ የቢዋይዲ ሞዴሎች ትንሹም ባትሪ ሊቲየም ስለሆነ፣ አምራቹ ያላዘዘውን የእርሳስ ባትሪ መግጠም አይመከርም። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ሽቦዎች ደግሞ ከሠለጠነ ባለሙያ በስተቀር ማንም ሊነካቸው አይገባም።

ከመክፈል በፊት

መኪና አልነሳ ሲል ጥፋቱ ሁልጊዜ የባትሪው አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ ጤናማና ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ቮልት ከሆነ ባዶ ሊባል የሚችል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ንባቡ በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.7 ቮልት ይደርሳል። ከፍ የማይል ከሆነ አስቀድሞ መመርመር ያለበት ዲናሞው ነው። ባትሪ ቢለወጥ ያው ችግር በጥቂት ቀናት ይመለሳል።

የተመረተበትን ቀን ማየትም ግድ ነው። ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ይደክማል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ስድስት ወር ያለፈውን ሻጩ ለክቶና ሞልቶ ያስረክብ። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ የሚመላለስ መኪና ያለው ነጋዴም፣ ባትሪው በቆላ ሙቀት ደጋ ላይ የሚቆየውን ያህል እንደማይቆይ አስቀድሞ ማስላት አለበት።

በመለወጥ ጊዜ ቁልፉ ከመኪናው ውጪ ይሁን፤ በሮቹ ራሳቸውን ሊቆልፉ ይችላሉና። ሲፈታ ማይነሱ ይቅደም፤ ሲታሰር ማይነሱ በመጨረሻ ይሁን።

አሮጌው ባትሪም ዋጋ አለው። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቀልጦ እንደገና የሚሠራ እርሳስ ነው። ለቆራሌው በደረሰበት ዋጋ ከመስጠት ይልቅ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ማስቀነስ ይሻላል። አሲዱን ግቢ ውስጥ መድፋት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እርሳስ በተለይ ሕፃናትን የሚጎዳ መርዝ ነው።

እንግዲህ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ገዢው መጠየቅ ያለበት አራት ነገር ነው፦ ዓይነቱ ምንድን ነው? መቼ ተመረተ? ዋስትናው ስንት ወር ነው? ኮምፒዩተሩ ላይ ማን ይመዘግበዋል? ለአራቱም ግልጽ መልስ ያለው ባትሪ ዋጋው ከፍ ቢልም፣ በወር ሲሰላ ርካሹ እሱ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።