ጀልባም ታርጋ አለው

ቦርከና ላይ ጀልባ የለም። ከደሴ አካባቢ ተነስቶ ኮምቦልቻን የሚያቋርጠው ይህ ወንዝ ከሚሴ አጠገብ ሲደርስ በበጋ ሱሪ ሰብስበው የሚሻገሩት ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ደፍርሶ የጨፋን ሜዳ ያጥለቀልቃል። የጨፋ ረግረግ ለከብት ሲሳይ ነው። በደረቁ ወራት የአካባቢው መንጋ ብቻ ሳይሆን ከአፋር በኩል የሚመጣውም ይሰማራበታል። ለጀልባ ግን አይሆንም፤ ወይ ውሃው ያንሳል፣ ወይ ሣሩና ጭቃው ይይዛል። ቦርከና ሄዶ አዋሽን ይቀላቀላል፣ አዋሽም ባህር ሳያይ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል።

ስለዚህ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያደገ ሰው ጠንቅቆ የሚያውቀው የመኪናን ፈቃድ ነው። ከሚሴ መናኸሪያ የሚገባ መንገደኛ ታርጋ ምን እንደሆነ፣ ቦሎ ለምን እንደሚለጠፍ፣ ታፔላው ላይ ያልተጻፈ ከተማ የሚጠራ ረዳት ምን እያደረገ እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። ትርፍ የጫነ መኪና ከሩቅ ያስታውቀዋል። ይኸው ሰው ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ፣ ወይም በወልድያና በጋሸና አድርጎ ወረታ ወርዶ ባህር ዳር ሲገባ፣ ውሃ ዳር ቆሞ ጀልባ ሲመርጥ ግን ይህ ሁሉ እውቀት ድንገት ይጠፋበታል። በዋጋ ብቻ ይከራከርና ዘሎ ይገባል። እንዲህ መሆን የለበትም። መናኸሪያ ላይ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ውሃ ዳርም ይሠራሉ፦ ማን ፈቀደልህ? ስንት ሰው ትጭናለህ? የትስ ታወርደኛለህ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ከፍ ካለ ቦታ ይጀምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 9 የአየርን፣ የባቡርን፣ የውሃንና የባህርን መጓጓዣ መቆጣጠርን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። በከተማችን ባጃጅ የሚሠራበትን መስመር የሚደለድለው የቅርብ መስሪያ ቤት ነው። አንድ አነስተኛ የጣና ጀልባ ግን በሕግ ዓይን የአውሮፕላንና የባቡር ወገን ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የማሪታይም ዘርፍ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 549 ደግሞ ይህን ሥራ የሚይዝ አንድ ባለስልጣን አቋቋመ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለስልጣን ይባላል። የባህር በር የሌላት አገር ማሪታይም ምን ያደርግላታል የሚል አለ። የባንዲራችን መርከቦች በዓለም ባህር ላይ ይሄዳሉ፣ መርከበኞቻችን ይሠለጥናሉ፣ ከዚያም በላይ ጣና፣ ዝዋይ፣ ሐዋሳ፣ አባያና ጫሞ አሉ። በእነዚህ ሐይቆች ላይ በየቀኑ ሰው ይሻገራል። ለተሻጋሪው ደህንነት ኃላፊ መኖር ነበረበት።

የጀልባ ፈቃድ ሲባል በአንድ ወረቀት የሚያልቅ ነገር አይደለም። ጀልባው ራሱ ይመዘገባል፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ በጉልህ ይጻፋል፣ የመኪና ታርጋ ማለት ነው። ነጂው ብቃቱ ይረጋገጣል፤ ይህ መንጃ ፈቃዱ ነው። ሰው ጭኖ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ሥራው ራሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ለራሱ ዓሣ የሚያጠምድና መንገደኛ የሚያመላልስ እኩል አይጠየቁም፤ መጠየቅም የለባቸውም። የራሱን ነፍስ ይዞ የሚወጣ ሰው ውሃውን ያውቃል። ከከሚሴ መጥቶ የሚሳፈር ሰው ግን ውሃውንም ጀልባውንም አያውቅም፤ የሚተማመነው መርማሪው አይቶታል ብሎ ነው።

መርማሪ ምን ያያል? ከሁሉ በፊት ከውሃ በታች ያለውን፣ ተሳፋሪ የማያየውን። የእንጨት ጀልባ ከሆነ የሳንቃውን መገጣጠሚያና የበሰበሰውን፤ ብረት ከሆነ ዝገቱንና ብየዳውን፤ ፋይበርግላስ ከሆነ ስንጥቁን። ቀጥሎ ሞተሩን፣ የነዳጁን ቱቦ፣ እሳት ማጥፊያውን። ከዚያ ላይፍ ጃኬቱን ይቆጥራል። ጃኬት በተሳፋሪ ቁጥር ልክ መኖር አለበት፤ ከመቀመጫ ሥር ታስሮ የተከመረ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ ጃኬት ግን እንዳለ አይቆጠርም፤ ማዕበል ሲነሳ እሱን ፈትቶ ለማልበስ ጊዜ የለም።

ትልቁ ጉዳይ ግን የጭነት ልክ ነው። ጀልባ ውሃ ላይ ሲቀመጥ ከውሃው ወለል እስከ ጠርዙ ድረስ የሚቀረው ደረቅ ጎን ሕይወት ነው። ሰው በተጨመረ ቁጥር ይህ ጎን ያጥራል። ማንም ሳያስተውለው ጥቂት ጣት ብቻ ሲቀር፣ ትንሽ ሞገድ ከበቂ በላይ ይሆናል። እንግሊዞች ይህን ነገር በሕግ ያሰሩት በ1876 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የፓርላማ አባል ለዓመታት ተሟግቶ፣ እያንዳንዱ የጭነት መርከብ ጎኑ ላይ መስመር እንዲቀባ አስደረገ። መስመሩ ውሃ ውስጥ ከገባ መርከቡ ከልኩ በላይ ጭኗል፤ ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፣ ወደብ ላይ የቆመ ሕፃንም ያየዋል። ጣና ዳር የሚቆም መንገደኛም ሰው ገብቶ ሲሞላ ዓይኑን የጀልባው ጎን ላይ ቢጥል፣ ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጥ ይነግረዋል።

ልኩ ሲጣስ የሚመጣውን ጎረቤቶቻችን አይተውታል። በ1996 እ.ኤ.አ. ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ኤምቪ ቡኮባ የተባለችው መርከብ ከሙዋንዛ አቅራቢያ ተገልብጣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. እዚያው ሐይቅ ላይ ኤምቪ ኔሬሬ ሰጠመች፤ አቅሟ መቶ ሰው ገደማ ነበር፣ የሞቱት ብቻ ከ220 በላይ ናቸው። ይህችኛዋ የተገለበጠችው መሃል ሐይቅ ላይ አልነበረም። ኡካራ ደሴት ልትደርስ፣ ማረፊያው በዓይን እየታየ ነው። ጀልባ የት ይቆማል የሚለው ደንብ ስንት ሰው ይጭናል ከሚለው የማይለየው ለዚህ ነው። ተሳፋሪ መሬት ሲያይ ይነሳል፣ ሻንጣውን ያነሳል፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል። ለጀልባ ከመንገዱ ሁሉ ክፉው ያ ደቂቃ ነው። ጥሩ ነጂ ገመዱ ታስሮ እስኪያልቅ አንድም ሰው እንዳይነሳ ሲቆጣ ብናይ፣ ልንሰማው ይገባል።

ስለ መቆሚያ ካነሳን፣ ጣና አስቸጋሪ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር አያልፍም። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ጀልባዎች በማለዳ ወጥተው ከሰዓት በኋላው ነፋስ በፊት መመለስ የሚወዱት ስለዚህ ነው። ሌላው ችግር የውሃው ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ሐይቁ ሰኔ ላይ ዝቅ ብሎ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፤ በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። መስከረም ላይ ጀልባ የተጠጋበት ማረፊያ ሰኔ ላይ ጭቃ መሃል ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ጀልባ የሚያስር ሰው ገመዱን አጥብቆ አይቋጥርም፤ ከውሃው ጋር ከፍና ዝቅ የሚልበት ትርፍ ይተውለታል። በጎኑም ያረጀ የመኪና ጎማ ያንጠለጥላል፣ ሞገዱ ከግንቡ ጋር እያጋጨ እንዳይሰብረው።

የውሃው መውረድ አንዳንዴ ከማረፊያ አልፎ መንገዱን ይዘጋል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ከተሠራ በኋላ፣ የሐይቁ ከፍታ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የሰው ውሳኔም ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ውሃው በጣም ወረደና ትልልቆቹ መርከቦች ለአራት ወር ያህል ቆሙ። ከባህር ዳር ተነስቶ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካ ጎርጎራ የሚገባው መርከብ ሲቆም፣ እህልና ከሰል ጭኖ ገበያ የሚወጣው የደሴት ሰው ነው የሚቸገረው። የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በዚሁ ውሃ ላይ ሌላ ባለድርሻ ጨመረ። መብራት፣ መስኖና ጀልባ በአንድ ሐይቅ ላይ ሲገናኙ፣ የጀልባው ድምፅ ሁልጊዜ ከሁሉ ያነሰ ነው። በእኔ እምነት የውሃው ከፍታ ሲወሰን የጀልባ ሰዎች ሊጠየቁ ይገባል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እንቦጭ አለ፤ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ማረፊያውን ሸፍኖ የሞተሩን ፕሮፔለር እየጠመጠመ ጀልባን ባለበት ያስቀራል።

ከመንግሥት ሕግ የቀደሙ የማረፊያ ደንቦችም አሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ስለዚህ ነጂው ማንን ጭኖ የትኛው ደሴት እንደሚጠጋ ከመነሳቱ በፊት ማወቅ አለበት። ሐይቅ እስጢፋኖስም እንዲሁ ነው። ይህን ያላወቀ አስጎብኚ ቤተሰብ ጭኖ ሄዶ ግማሹን ፀሐይ ላይ ያስቀምጣል።

የደንገል ታንኳ ከዚህ ሁሉ ፈቃድና ምርመራ ውጭ ነው። ደንገል ታጭዶ ይደርቃል፣ በእቅፍ በእቅፍ ይታሰራል፣ ከዚያ ጫፉ ወደ ላይ ቀና ብሎ ይሰፋል። የጣና ወይጦዎች የእጅ ሥራ ነው፣ የሚገፋውም በረጅም ዘንግ ነው። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወደ ደረቅ ይወጣና ፀሐይ ይመታዋል፤ እንዲያም ሆኖ ጥቂት ወራት ቢቆይ ነው። ጥቂት ወር ለሚኖር ነገር ሊብሬ ማውጣት ከንቱ ነው። ደንገሉ ራሱ ተንሳፋፊ ስለሆነ ታንኳ ቢረጥብም ወዲያው አይሰጥምም፤ ብረትና ሞተር የተሸከመ ጀልባ ግን ውሃ ከገባበት እንደ ድንጋይ ይወርዳል። ሕጉ የሚከታተለው ይህን ዓይነቱን ጀልባ ነው።

የወንዝ ጉዞ ከተነሳ ባሮን መዝለል አይቻልም። አፄ ምኒልክ በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ሲሰጥ፣ የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተጽፎ ነበር። ባጭሩ የጀልባ መቆሚያ በሜትር ተለክቶ በዓለም አቀፍ ውል ገባ። ከካርቱም የሚነሱት የእንፋሎት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ክረምት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር፤ ጨውና ጨርቅ አምጥተው ቡና ይዘው ይመለሳሉ። ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግሊዞች በአገራቸው ቦዮች ላይ ያላቸው ደንብ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ጀልባ ውስጥ ይኖራልና። በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ፈቃድ ለማግኘት ጀልባው የደህንነት ምርመራ ያለፈ፣ መድን የገባ፣ ቋሚ መቆሚያ ያለው መሆን አለበት። ቋሚ መቆሚያ የሌለው ደግሞ ከልብ ተጓዥ መሆን ይጠበቅበታል፤ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ ታስሮ አይቆይም። የደህንነት ምርመራው በየአራት ዓመቱ ይታደሳል። በውሃ ዳር የቆመ ጀልባ የሌላውን ቦታ ይዟል የሚለው ሐሳብ ለባህር ዳርም ይጠቅማል፤ የተበላሸና የተረሳ ጀልባ ማረፊያውን ሲዘጋ፣ ሰው የጫነው ጀልባ ጭቃ ላይ ለማውረድ ይገደዳል።

አሁን ደግሞ አዲስ ውሃ መጥቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ፣ በስፋቱ ከጣና ግማሽ የሚበልጥ ሐይቅ ፈጥሯል። ከዚህ በፊት በእግርና በመኪና የሚገናኙ መንደሮች አሁን በውሃ ይገናኛሉ፤ ዓሣ አጥማጁ፣ ነጋዴውና ጎብኚው መምጣታቸው አይቀርም። ጣና ላይ ጀልባው ቀድሞ ነው ሕጉ የተከተለው። እዚያ ግን ገና ከመጀመሪያው ማረፊያ ተለይቶ፣ ቁጥር ተጽፎ፣ ነጂ ሠልጥኖ መጀመር ይቻላል፤ አንድም ሰው ሳይሰጥም።